ባሌ ከደሴዋ ልጅ የተማረው መከላከያ

«እኔ ቅናት አላውቅም» የምትል አንባቢ ካለች ይህን ታሪክ ዘልላው ትለፍ፤ ልትረዳኝ አትችልም። እኔ ቀናተኛ ነኝ። ልጅ ሆኜ እናቴ የእህቴን ጸጉር ስትሠራ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አለቅስ ነበር። ካገባሁ በኋላም ባሌ ዜና የምታነበውን ሴት «ድምጿ ደስ ይላል» ስላለ ሬዲዮኑን አጥፍቼ ያኮረፍኩበት ቀን አለ። እንግዲህ ይህ የማወጋችሁ ነገር ሲደርስብኝ ዱላ ይዤ አለመውጣቴ የአላህ እዝነት ነው።

ከሚሴ ውስጥ ባጃጅ ገና መብዛት የጀመረበት ሰሞን ነበር። እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ፤ ባሌ እንድሪስ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ያስተምራል። እንድሪስ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ከሥራው፣ ከሶላቱና ከቼዝ በቀር ሌላ ነገር አያውቅም። ቼዝ ያስተማረኝም እሱ ነው። በተጋባን የመጀመሪያው ረመዳን፣ ሙቀቱ በርትቶ ከሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ እስከ ማፍጠሪያው አልገፋ ሲለን፣ ተማሪ ሳለ የገዛውን ሰሌዳ ከቁምሳጥን ላይ አወረደና «ነይ፣ ጾሙን እናስረሳው» አለኝ።

ሁልጊዜ ነጩን ይሰጠኛል። በቼዝ የሚጀምረው ነጭ ነው። እኔም አጀማመሬ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ንጉሡ ፊት የቆመውን ወታደር ሁለት ቤት እገፋዋለሁ። እንድሪስም የራሱን ንጉሥ ወታደር ሁለት ቤት ገፍቶ ከእኔው ጋር ያፋጥጠዋል። ከዚያ ያሸንፈኛል። «አብሽሪ፣ ትለምጂዋለሽ» ይለኛል።

ለመድኩት። ዓመት ዓመትን ሲተካ ጨዋታችን እየረዘመ ሄደ። ከዚያ አልፎ አልፎ አሸነፍኩት። ከዚያ ደጋግሜ አሸነፍኩት። በመጨረሻ እሱ ማሸነፍ የሚባለውን ነገር ረሳው። ባሸነፍኩ ቁጥር እየሳቅኩ አጨበጭብ ነበር፤ እሱ ጠጠሮቹን ወደ ሳጥናቸው ይመልሳል። ድካም ነው ብዬ አለፍኩት። አንድ ቀን «ዛሬ ፈተና አርማለሁ» አለኝ፤ በማግስቱ ራሱን አመመው፤ በሦስተኛው ቀን ምክንያትም አልሰጠኝ። ሰሌዳው ቁምሳጥን ላይ ተመልሶ አቧራ ለበሰ።

ብዙም ሳይቆይ እንድሪስ ከሥራ በኋላ ወደ ቤት መምጣት አቆመ። መግሪብ ሲቃረብ ነው የሚገባው። የት ዋልክ ስለው «ወጣት ማዕከል፣ ከልጆቹ ጋር» ይላል። ፊቱ ላይ ግን ከልጆች ጋር የዋለ ሰው ድካም አይታይም። እንዲያውም ወዙ ተመልሷል። እራት እየበላን ዓይኑ ግድግዳው ላይ ተተክሎ ፈገግ ሲል አየዋለሁ። ምን አሳቀህ ስለው «ምንም» ይለኛል። ያቺ «ምንም» አንጀቴን አሳረረችው።

ግቢ የምንጋራቸው እትዬ ዘሀራ የሚባሉ ጎረቤት አሉን። በከተማው የሚወራ ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚያድረው እሳቸው ቤት ነው።

«ማል ታቴ፣ ሐዋ? ምን ሆነሻል? ፊትሽ እኮ ልክ አይደለም» አሉኝ አንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ።

«ደህና ነኝ እትዬ።»

«ደህናስ አይደለሽም። እኔም ልንገርሽ ወይስ ልተወው እያልኩ ነው የሰነበትኩት። ባልሽ ከደሴ ተመድባ ከመጣችው ልጅ ጋር ነው አሉ የሚያመሸው። ነጃት የምትባለዋ፤ የስፖርት ባለሙያ ናት መሰለኝ። ወላሂ እኔ በዓይኔ አላየሁም። ያየ ሰው ነው የነገረኝ።»

«ቼዝ ነው የሚጫወቱት ይሆናል» አልኩ።

«ይሁና» አሉና ወደ ላይ ወደ ታች አዩኝ። አስተያየታቸው ከንግግራቸው የባሰ ነበር።

ልብ በሉ፤ ቼዝ ነው ብዬ ማሰቤ አላጽናናኝም። እኔን አልጫወትም ያለ ሰው ከእሷ ጋር ይጫወታል ማለት ነው! ሌላ ሴት ሰሌዳ ፊት ቁጭ ብላ እሱ አገጩን በመዳፉ ይዞ ሲያስብ ታየዋለች። ያንን አስተሳሰቡን በዓለም ላይ የማውቀው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን እንድሪስ ወደ ባቲ ገበያ የሚመላለስ ጓደኛውን ልኮ አረንጓዴ ድሪያ አስመጣልኝ። ለቆላው ሙቀት የሚሆን፣ ስስ፣ ጠርዙ በወርቃማ ክር የተጠለፈ። አልጋው ላይ አስቀመጠና «ለሙቀቱ ይሆንሻል» ብሎ ወጣ። ይህ ሰው ከተጋባን ጀምሮ በራሱ ምርጫ ልብስ ገዝቶልኝ አያውቅም። የልጆቻችንንም፣ የራሱንም ጭምር የምመርጠው እኔ ነኝ። ድሪያውን ይዤ በቀጥታ እትዬ ዘሀራ ዘንድ ሄድኩ።

«ሱብሃነላህ!» አሉ ገና ሲያዩት። «አለበሰሽ?»

«አለበሰሽ ሲሉ?»

«ልጄ፣ በእኛ አገር ወንድ በሚስት ላይ ሚስት ሊያመጣ ሲያስብ አስቀድሞ ፊተኛዋን ያለብሳል። ሆዷ እንዲራራ ነው። የእኔው ሰውዬ ጣውንቴን ሊያመጣ ሲል ከጨፋ ሮቢት ጫማ ገዝቶልኝ መጣ። እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ ተጫምቼው፣ ለካ የምሄድበት የእሱው ሠርግ ኖሯል!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እፈርስ ነበር። ያን ቀን ግን ድሪያውን አጣጥፌ ብብቴ ሥር ወሸቅኩት። ሸሪዓው እንደሚፈቅድለት አውቃለሁ፤ አባቴም ሁለት ሚስት ነበራቸው። እናቴ ግን እሳቸው ወደ ሌላኛው ቤት በሚሄዱበት ሳምንት እህል በወጉ ሲወርድላት አይቼ አላውቅም። እኔ ያንን ሕይወት ልሸከመው እንደማልችል ገና በልጅነቴ አውቄዋለሁ።

«ሳይቃጠል በቅጠል ነው» አሉ እትዬ ዘሀራ። «ሂጂና በዓይንሽ እዪው። ልጆቹን እኔ እይዛቸዋለሁ።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ገላዬን ታጠብኩ፤ ዓይኔን ተኳልኩ፤ ያንኑ አረንጓዴ ድሪያ ለበስኩ። ካለበሰኝ አይቀር ለብሼው ይየኝ አልኩ። ባጃጅ ይዤ ወደ ወጣት ማዕከሉ ስሄድ ሹፌሩ በመስተዋቱ አየት አደረገኝና «ኒካ ልታስሪ ነው እንዴ እቴ? ማሻአላህ» አለኝ። አንተ ደግሞ ምን አገባህ ብዬ ጮህኩበት። ምስኪን፣ እስክንደርስ ድረስ መስተዋቱን አላየውም።

አዳራሹ ውስጥ ወጣቶች የጠረጴዛ ቴኒስ ይጫወታሉ። በጎን በኩል ባለው መስኮት አጮልቄ አየሁ። እንድሪስና ልጅቷ ጥግ ላይ በሰሌዳ ተፋጥጠው ተቀምጠዋል። ነጃት ወጣት ናት፤ ሻርፗን በወጉ ጠቅልላለች፤ ክፋቱ ደግሞ ቆንጆ ናት። እጇን ዘርግታ አንድ ጠጠር ከፊቱ አነሳችበት።

«እሱን አይደለም። ቢሾፑ ይቅደም! በሩን ዘግተው ውስጥ አያስቀሩት።»

እንድሪስ ሳቀ። ሳቁ ከሆዱ ነው፤ በተጋባን ዓመት ይስቃት የነበረችው ሳቅ ናት። ለስንት ጊዜ አልሰማኋትም፤ ለካ እዚህ አምጥቶ ኖሯል የሚስቃት!  በሩን በርግጄ ገባሁ።

እንድሪስ ሲያየኝ ብድግ አለ፤ ጉልበቱ ጠረጴዛውን ነክቶት ጠጠሮቹ ተደፉ።

«ሐዋ! ምን ሆንሽ? ልጆቹ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ቼዝ ልጫወት ነው የመጣሁት። ክልክል ነው?»

«እ... አይ... ይቺ ነጃት ትባላለች። ነጃት፣ ባለቤቴ ናት።» ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። የሚጠረጥር ሰው ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋል?

የአሥር አዛን ያን ጊዜ ተሰማ። እንድሪስ ከሰማይ ገመድ የተወረወረለት ያህል «ሰግጄ መጣሁ» ብሎ ወጣ። ነጃት የተደፉትን ጠጠሮች መደርደር ጀመረች። በየትኛው በኩል መቀመጥ እንደምፈልግ ጠየቀችኝ።

«ነጩን» አልኳት፤ ተቀመጥኩ። እንደ ልማዴ የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት ገፋሁ። ጥርሴን ነክሼ ነበርና ጠጠሩ ሰሌዳው ላይ ጮኸ።

ነጃት እንደ እንድሪስ አልመለሰችም። ወደ ንግሥቲቱ በኩል ካለው፣ በሰያፍ ከሚሄደው ቢሾፕ ፊት የቆመችውን ወታደር አንድ ቤት ብቻ ገፋቻት። ፈሪ መሰለችኝ። ሁለተኛ ወታደሬን አስከትዬ መሐሉን ያዝኩት። ያን ጊዜ እሷ የንግሥቲቱን ወታደር ሁለት ቤት ገፍታ መሐሉ ላይ ገጠመችኝ፤ ያቺ መጀመሪያ የገፋቻት ትንሽ ወታደር ለካ ለዚህ ድጋፍ የተዘጋጀች ናት።

«ይህ ምን ይባላል?» አልኳት ፈረሴን እያወጣሁ።

«ካሮ-ካን ይባላል። ነጭ በንጉሡ ወታደር ሲጀምር ለጥቁር የሚሆን መከላከያ ነው። አይቸኩልም፤ ግን በቀላሉ አይሰበርም።» ወታደሬን በላችብኝ።

«ባሌን የምታስተምሪው ይህን ነው?»

«አዎ።»

«ብቻውን?»

ቀና ብላ አየችኝ። ጥያቄው ገብቷታል፤ ደንግጣ ግን አላቀረቀረችም። «እቴ ሐዋ፣ ባል የለኝም። የሰው ባልም አልፈልግም። በሩ ክፍት ነው፤ እነዚህ ሁሉ ልጆች እያዩን ነው የምንጫወተው።»

 ወታደሬን የበላችውን ወታደር በፈረሴ በላሁባት። ሳስብ አንድ አመል አለኝ፦ የበላሁትን ወታደር ጥርሴ ላይ ኳ ኳ አደርገዋለሁ። ያን ጊዜም ሳላውቀው አደረግኩት። ነጃት ቢሾፗን ልታወጣ የዘረጋችው እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ወይኔ!» አለች። «አንቺ ነሽ እንዴ?»

«ምኑ?»

«ጥርሱ ላይ የሚያኳኳው!» አፏን በሻርፗ ሸፍና ሳቀች። «መምህር እንድሪስ መጀመሪያ የመጡ ቀን 'አንድ አስተማሪ ጓደኛ አለኝ፤ ነጭ ይዞ የንጉሡን ወታደር ከገፋ አያስተነፍሰኝም። በጨዋታ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ግን ወታደሬን በበላ ቁጥር ጥርሱ ላይ ሲያኳኳው ልቤ ይጠፋል። መከላከያ አስተምሪኝ' አሉኝ። እኔ እኮ ወንድ ነው ብዬ! ስንት ጊዜ 'ያን ጓደኛዎን ያምጡትና ልግጠመው' ስላቸው 'ሥራ ይበዛበታል' ይሉኛል።»

 ይህ ሁሉ ጊዜ፣ ያ ሁሉ ማምሸት፣ እኔን ለማሸነፍ ነው! መጀመሪያ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ወዲያው ግን ሌላ ቅናት መጣብኝ፤ ከፊተኛው የባሰ እንጂ ያነሰ አልነበረም። ጣውንት አልመጣችብኝም፤ መሸነፉ እንደሚያመው ግን ይህች ልጅ ከእኔ ቀድማ አውቃለች። የእኔን ጥርስ ሳይቀር ነግሯታል። አንድ ትራስ ለምንጋራው ለእኔ ግን «ምንም» ነው ያለኝ።

እንድሪስ ከሶላት ሲመለስ ሁለታችንንም ሰሌዳው ላይ አየን። ነጃት ፊቷ ላይ ሳቅ አለ፤ እኔ ዓይኔ ቀልቷል። ሁሉ ነገር እንደ ታወቀ ገባው፤ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

ነጃት ከመቀመጫዋ ተነሳችለት። «መምህር፣ ይቀመጡ። ጓደኛዎ ዛሬ ሥራ አልበዛበትም።»

ተቀመጠ። የቴኒስ ተጫዋቾቹም ነገር ሸቷቸው ራኬታቸውን ጥለው ከበቡን፤ ግማሾቹ የእሱ ተማሪዎች ናቸው። እዚያች ወንበር ላይ የተቀመጠው የባሌ ክብር መሆኑን አውቃለሁ። ብሸነፍለት ምንም አልነበረም፤ በማግስቱ ሁሉም ይረሳዋል። ግን ሆን ብዬ ብሸነፍለት እሱ ያውቃል። ለዚህ ሰው ምጽዋት ከሽንፈት ይብስበታል።

የንጉሡን ወታደር ገፋሁ። እሱ ያቺን ትንሿን ወታደር አንድ ቤት ገፋት። ከነጃት ጋር እንደሄድነው ሄድን፤ ወታደር በላብኝ፣ በፈረሴ መልሼ በላሁ። ጥርሴ ላይ ማኳኳቱን ግን እጄን ይዤ ተውኩት።

አሁን ቢሾፑን ማውጣት ነበረበት። ነጃት እስኪሰለቻት የነገረችው ይህንኑ ነው። እሱ ግን ግራ ተጋብቶ ፈረሱን ንግሥቲቱ ፊት አቆመው። እኔ ንግሥቴን ወደ ንጉሤ ፊት አመጣኋት። በእሷና በእሱ ንጉሥ መካከል መንገዱ ላይ ያሉት የእኔ ፈረስና የእሱ አንዲት ወታደር ብቻ ናቸው። አንዱ ልጅ «ምን ዓይነት አጫወት ነው?» ብሎ አንሾካሾከ። እንድሪስ አገጩን በመዳፉ ይዞ አሰበ። ከዚያ ሁለተኛውን ፈረስ አወጣ። ነጃት ዓይኗን ጨፈነች።

እኔም አየሁት። ፈረሴ አንድ ቢዘል ንጉሡን ይይዘዋል። ንጉሡ መሸሻ የለውም፤ ንግሥቱ፣ ቢሾፑ፣ ፈረሱ፣ ወታደሮቹ ዙሪያውን አጥረውታል። ፈረሴን ልትበላው የምትችለው ያቺው ወታደር ደግሞ መነቃነቅ አትችልም፤ ብትነሳ ንጉሡ ለንግሥቴ ይጋለጣል። ፈረሴን ያዝኩት። የባሌን ፊት አየሁ። እሱ ገና አላየውም። ጨዋታው እየሄደለት መስሎት ትንሽ ቀና ብሏል። እንደዚያ አሳዝኖኝ አያውቅም፤ እንደዚያም ተናድጄበት አላውቅም።

አስቀመጥኩት። «ቼክ ሜት።»

 ከዚያ አንዱ ጎረምሳ «መምህርን ሚስታቸው!» ብሎ ሲጮህ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የእንድሪስ ጆሮ ቀላ። ሰሌዳውን ትኩር ብሎ አየ፤ ንጉሡን ነካው፤ የሚሄድበት ፈለገ፤ አጣ።  ተነስቶ ቢወጣ ትዳሬ እዚያው ይጎዳል ብዬ ፈራሁ።

እሱ ግን ቀና ብሎ ነጃትን አያት።

«ይኸውልሽ! አላልኩሽም?» አላት። ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ዞሮ «ምን ያስቃችኋል? ኑ፣ ወንድ የሆነ ይቀመጥና ይግጠማት!» አለ። ማንም አልተቀመጠም።

ወደ ቤት በእግራችን ሄድን። የደሴ መኪኖች እያጓሩ በአጠገባችን ያልፋሉ። «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ምን ብዬ? ያስተማርኳት ሚስቴ በልጣኛለች፣ አንጀቴ አሮ እንቅልፍ አጣሁ ልበልሽ? ቀንቼብሽ ነበር፣ ሐዋ።»

«እኔም ቀንቼ ነው የመጣሁት።»

«በማን?»

«በነጃት።»

መንገዱ ላይ ቆመ። «በነጃት? አስተግፊሩላህ! ምን አደረግኩና?»

«ድሪያውን ለምን ገዛህ?»

«ስታኮርፊብኝ ጊዜ ኩርፊያሽ ይልቀቅሽ ብዬ ነዋ። ሰው ለሚስቱ ልብስ አይገዛም?»

እትዬ ዘሀራ ያሉኝን ነገርኩት። የጨፋ ሮቢቱን ጫማ ስደርስበት እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ገና ያልወጣልኝ ነገር ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ቅናት ያሳብዳል ሲሏችሁ አትመኑ፤ የእኔው ግማሹን እውነት ነግሮኛል። የእኔ የሆነ ነገር ለሌላ እየተሰጠ ነበር። የሳትኩት ምን እንደሆነ ነው። ፍቅሩን መስሎኝ ነበር፤ ለካ ድክመቱን ነው። ብዙ ባልና ሚስት አውቃለሁ፤ ደስታቸውን አብረው ይበላሉ፣ ያሳፈራቸውን ነገር ግን ለውጭ ሰው ነው የሚሰጡት። ያን ቀን ባልሄድ ኖሮ እኔም እስከ ዛሬ በአንዲት ምስኪን ልጅ ላይ ጥርሴን ስነክስ እኖር ነበር። ነጃት በኋላ ለዞኑ የሴቶች ውድድር መዘገበችኝ፤ ዛሬ ለሴት ተማሪዎቼ ቼዝ የማስተምረው በእሷ ምክንያት ነው። እንደ እህቴ እወዳታለሁ። ከእንድሪስ ጋር ስትስቅ ግን አሁንም ጆሮዬ ይቆማል፤ አልዋሻችሁም።

ግን የዚያ ሳምንት ነገር አላለቀም ነበር። ጁምዓ ከሰዓት በኋላ እንድሪስ ሰሌዳውን ከቁምሳጥን አውርዶ አቧራውን ጠረገው። እንደ ሁልጊዜው ነጩን ሊሰጠኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ጠጠሮቹን ግን እንደ አዲስ አልደረደራቸውም፤ የተሸነፈበትን ቦታ ነው አስታውሶ የሠራው፣ ንጉሡ በገዛ ሠራዊቱ እንደ ታጠረ። ከዚያ ፊት ለፊቴ መቀመጡን ትቶ ጎኔ መጥቶ ተቀመጠ።

«ያን ፈረስ እኔ አላየሁትም» አለኝ። «እንዴት እንዳየሽው አስተምሪኝ።»

አስተማርኩት።